ከስሙ ጎን ያለችው ባንዲራ

ዮኽን ሪንት እ.ኤ.አ. በ1942 ጀርመን ውስጥ፣ ማይንዝ ከተማ ተወለደ። አባቱ ጀርመናዊ፣ እናቱ ኦስትሪያዊት ነበሩ። ሁለቱም በሐምቡርግ የቦምብ ድብደባ ሲሞቱ ሕፃኑን የእናቱ ወላጆች ኦስትሪያ፣ ግራትስ ወስደው አሳደጉት። የውድድር ፈቃዱን የሰጠችው ኦስትሪያ ናት፤ ፓስፖርቱ ግን እስከ ዕለተ ሞቱ የጀርመን ነበር። እ.ኤ.አ. በ1970 ሞንዛ ላይ በልምምድ ተጋጭቶ ሞተ፤ የሰበሰበውን ነጥብ የሚያልፍ ሰው ጠፍቶም ከሞተ በኋላ የፎርሙላ ዋን ሻምፒዮን ሆነ። መዝገቡ ኦስትሪያዊ ይለዋል።

ዛሬ ቢሆን አይለውም ነበር። በዓለም አቀፉ የአውቶሞቢል ፌዴሬሽን ደንብ፣ በዓለም ሻምፒዮና የሚወዳደር ሾፌር ፈቃዱን የትም ያውጣ የት፣ በሰነድም በሽልማት መድረክም የሚቆጠረው በፓስፖርቱ ነው። ከዚያ በታች ባሉ ውድድሮች ደግሞ ፈቃዱን የሰጠው አገር ይቆጠራል። ስለዚህ ክልስ የሆነ ወጣት ዘንድሮ በእናቱ፣ ለከርሞ በአባቱ አገር ስም ሊነዳ ይችላል። ኒኮ ሮዝበርግ በወጣትነቱ በአባቱ አገር በፊንላንድም፣ በእናቱ አገር በጀርመንም ስም ሮጧል፤ እ.ኤ.አ. በ2016 የፎርሙላ ዋን ሻምፒዮን የሆነው ግን ለጀርመን ተቆጥሮ ነው። ሰውየው ያው ነው። ታዲያ ባንዲራዋ የምትነግረን ስለ እሱ ነው ወይስ ስለ ወረቀቱ?

ጥያቄውን አማን ውስጥ ወዳለችው ወደ ረቢየህ ሰፈር እንውሰደው። ለዮርዳኖስ የመኪና ውድድር እንግዳ ነገር አይደለም። የንጉሣዊ አውቶሞቢል ክለቡን እ.ኤ.አ. በ1953 ያቋቋሙት ንጉሥ ሁሴን ራሳቸው በሩማን ዳገት የተወዳደሩ ሰው ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ2011 በዮርዳኖስ ራሊ ሴባስቲያን ኦዢዬ ያሪ ማቲ ላትቫላን የቀደመው በ0.2 ሰከንድ ብቻ ነው። አሁን በዚህች ሰፈር በአንድ መንገድ ላይ የሚያድጉ ሁለት ልጆችን በሐሳብ እንፍጠር። የአንዱ አባት ዮርዳኖሳዊ፣ እናቱ ኢትዮጵያዊት ናት፤ የሌላው አባት ኢትዮጵያዊ፣ እናቱ ዮርዳኖሳዊት። ሁለቱም ካርቲንግ ይወዳሉ እንበል።

እ.ኤ.አ. በ1954 በወጣው የዮርዳኖስ ሕግ ዜግነት የሚተላለፈው በአባት ነው፤ አባቱ የማይታወቅ ወይም አገር የለሽ ለሆነ ልጅ ብቻ ጠባብ በር ተትቷል። ስለዚህ የመጀመሪያው ልጅ ዮርዳኖሳዊ ነው፣ ሁለተኛው አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2014 የአማን መንግሥት ለዮርዳኖሳውያት እናቶች ልጆች በትምህርት፣ በሕክምና፣ በሥራና በመሳሰሉት አንዳንድ መብቶችን ሲፈቅድ፣ ከዝርዝሩ ውስጥ መንጃ ፈቃድ ነበረበት፤ ፓስፖርት አልነበረበትም። መንዳት ይችላል፣ ባንዲራውን ግን አይዝም ማለት ነው! በአንጻሩ የአገሪቱ የራሊ ሻምፒዮን የነበሩት ንጉሥ አብዱላህ ዳግማዊ እናታቸው እንግሊዛዊት ናቸው፤ አባታቸው ዮርዳኖሳዊ ስለሆኑ ግን ሕጉ ምንም አይጠይቃቸውም።

የእኛ ሕግ በዚህ በኩል ቸር ነው። በ1922 ዓ.ም. የወጣው የዜግነት ሕግ አባቱ ወይም እናቱ ኢትዮጵያዊ የሆነን ሁሉ ኢትዮጵያዊ ብሏል፤ የ1987ቱ ሕገ መንግሥትም በአንቀጽ 6 አጽንቶታል። ቸርነቱ ግን እስከ ጉልምስና ነው። በአዋጅ ቁጥር 378/1996 አንቀጽ 20 መሠረት፣ ከወላጁ የሌላ አገር ዜግነት ያገኘ ልጅ 18 ዓመት በሞላው በአንድ ዓመት ውስጥ ያኛውን ትቶ ኢትዮጵያዊነቱን እንደሚመርጥ ካላስታወቀ፣ ኢትዮጵያዊነቱን በፈቃዱ እንደተወ ይቆጠራል። ዝም ማለት እንደ ክህደት መቆጠሩ ይገርመኛል። በእሽቅድድም ዓለም 18 ዓመት ስፖንሰር የሚለመንበት ዕድሜ እንጂ እናትና አባት የሚመረጡበት አይደለም።

መልሱን ለመፈለግ እኔ ወደ ርስት ልሻገር። በድሮው ጎጃም ሰው በእናቱም በአባቱም ወገን ርስት ይጠይቅ ነበር፤ የእናቱን ለመያዝ የአባቱን መካድ አይጠበቅበትም፤ ግማሽ ባለርስት የሚባልም አልነበረም። ዘሩ የሚሰጠው የመጠየቂያ መብት ነው። መሬቱን ለመያዝ ግን ትውልድ መቁጠር፣ መከራከር፣ ወገን ማበጀት ነበረበት። ጉልበተኛው የበለጠ መውሰዱ አልቀረም፤ ሥርዓቱን ላሞግስ አልተነሣሁም። ሐሳቡ ግን ፓስፖርቱ የሳተውን ይይዛል፦ ትውልድ በሥራ የሚጸና ጥያቄ እንጂ ተከፍሎ የሚያልቅ ንብረት አይደለም።

ጥያቄው ደግሞ ከሁለቱም ወገን ነው፤ አገርም ሾፌሩን «ልጄ» ብላ ስትጠይቅ ማስረጃ ማቅረብ አለባት። ፍጥነትን ባንዲራ አያወርስም። የፎርሙላ ዋን ሾፌሩ ማክስ ቨርስታፐን ሐሰልት፣ ቤልጂየም ተወለደ፤ የሚነዳው በአባቱ አገር በኔዘርላንድ ስም ነው። ያወረሱት ግን ካርቲንግ የተወዳደሩት እናቱ ሶፊ ኩምፐንና የፎርሙላ ዋን ሾፌር የነበረው አባቱ ዮስ ናቸው። የሌላው የፎርሙላ ዋን ሾፌር የልዊስ ሃሚልተን አባት አንቶኒ የልጁን የካርቲንግ ወጪ ለመሸፈን ሥራ ደራርቦ ሠርቷል። የአንቶኒ ወላጆች ከግሬናዳ የመጡ ናቸው፤ የልዊስ እናት ነጭ እንግሊዛዊት ናት። እ.ኤ.አ. በ2008 ባርሴሎና ላይ ፊታቸውን ጥቁር ተቀብተው የተሳለቁበት ተመልካቾች ከሁለቱ ወገን አንዱን ብቻ ቆጠሩለት። እሱ ራሱ ግን ጥቁርነቱን በአደባባይ ይዞ፣ እ.ኤ.አ. በ2022 የእናቱን የቤተሰብ ስም ላርባሌስቲየርን በስሙ ላይ እንደሚጨምር አስታወቀ። ሁለቱንም ርስት ጠየቀ ማለት ይቻላል።

ሪንትን ኦስትሪያ ብትጠይቅ ያሳደጉት አያቶች አሏት፣ ፈቃዱን ሰጥታዋለች፤ ጥያቄዋ የጸና ይመስለኛል። የረቢየህ ሰፈሩ ሁለተኛ ልጅ ነገ ቢያሸንፍ ግን ዮርዳኖስ የምታቀርበው መንጃ ፈቃድ ብቻ ነው። የመጀመሪያው ልጅ ቢያሸንፍ ደግሞ በ18 ዓመቱ በዝምታው ያሰናበትነው እኛ «የእናቱ አገር ነን» ለማለት አፍ የለንም። የዜግነት አዋጁን ለማሻሻል የሚነሣ ሰው ካለ ከአንቀጽ 20 ይጀምር።