አጋዥና ገዥ

አንድ ሰው በአንድ አገር የነፃነት አጋዥ፣ በሌላ አገር ደግሞ የባዕድ አገዛዝ ሹም ሆኖ ሲገኝ በየትኛው ሥራው ይመዘናል? በደጉ ቢመዘን ክፉው ይረሳል፤ በክፉው ቢመዘን ውለታ መካድ ይመስላል። ሁለቱን ደምሮ ማካፈልም የነጋዴ ሂሳብ እንጂ የሥነ ምግባር ፍርድ አይሆንም። ይህ ጥያቄ በፈላስፎች መጻሕፍት ውስጥ ብቻ የሚኖር አይደለም። ከእንጅባራ ቁልቁል ወደ ቡሬ፣ ከቡሬም በማንኩሳና በፍኖተ ሰላም በኩል ወደ ደምበጫ የሚወስደው መንገድ በ1933 ዓ.ም. የካቲት ወር በዓይኑ ያየው ጉዳይ ነው።

በዚያ ወር ከሱዳን ጠረፍ ተነሥቶ በበላያ ተራራ በኩል ወደ ጎጃም የዘለቀ፣ ቁጥሩ 2,000 ገደማ የሆነ ጦር የኢጣልያን የቡሬ ምሽግ ተፈታተነ። አዛዡ እንግሊዛዊው ኦርድ ዊንጌት ከመጽሐፈ መሳፍንት ወስዶ የጌዴዎን ጦር የሚል ስም አውጥቶለት ነበር። ከጦሩ ክፍሎች ዋነኛው የሱዳን የጠረፍ ሻለቃ ጦር ሲሆን የሚመራውም ሂዩ ቡስቴድ የተባለ መኮንን ነበር። ስንቁና ጥይቱ የተጫነው በግመል ነው፤ ቆላ የለመደ ግመል የጎጃምን ደጋ ብርድና ዳገት አልቻለምና ጦሩ ያለፈበት መንገድ በግመል ሬሳ ይታወቅ ነበር። በቡሬ ዙሪያ የተደረገው ውጊያ አብዛኛው የሌሊት ነው። ጥቂቱ ጦር ብዙ እንዲመስል ቦታ እየለዋወጠ በጨለማ ይተኩሳል፤ ሲነጋ ይሰወራል። የምሽጉ አዛዥ ኮሎኔል ናታሌ የከበበው ኃይል ከእውነቱ እጅግ የበዛ መሰለውና የካቲት 25 ቀን ቡሬን ለቆ ወጣ። ከሁለት ቀን በኋላ ይኸው የሚያፈገፍግ ጦር በደምበጫ መንገድ በቻራቃ ወንዝ አጠገብ ሁለተኛውን የኢትዮጵያ ሻለቃ ጦር አገኘው። የኢትዮጵያው ጦር በቁጥር እጅግ ያነሰ ቢሆንም በቀላሉ አላሳለፈውም፤ ከሁለቱም ወገን ብዙ ደም ፈሰሰ። መጋቢት 26 ቀን ደብረ ማርቆስ ተያዘ፤ ከዚያ በፊት በጉሊት ኮረብታዎች ላይ በሌሊት ጥቃት ጠላትን እንቅልፍ የነሣው የቡስቴድ ጦር ነበር።

ማንኩሳ ከ25 ዓመት በኋላ በሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» በመላ አገሪቱ የምትታወቅ ትሁን እንጂ በዚያን ጊዜ በምሽጓ ብቻ የምትነሣ ስፍራ ነበረች። ወጀት ትባል የነበረችው ከተማም ፍኖተ ሰላም የሚለውን ስም ያገኘችው ንጉሠ ነገሥቱ በዚህ ዘመቻ ሲያልፉባት እንደሆነ ይነገራል።

እንግዲህ ቡስቴድ ማን ነበር? እ.ኤ.አ. በ1895 በሴሎን፣ በዛሬዋ ስሪ ላንካ፣ የተወለደ የብሪታንያ ግዛት ልጅ ነው። በልጅነቱ ባሕር ኃይል ገባ፤ በአንደኛው የዓለም ጦርነት ባሕር ላይ መዋል የሥራ ፈት ኑሮ ሆኖበት እ.ኤ.አ. በ1915 በደቡብ አፍሪካ ከመርከቡ ኰበለለና ስሙን ለውጦ በተራ ወታደርነት ከደቡብ አፍሪካ እግረኛ ጦር ጋር ወደ ፈረንሳይ ዘመተ። በጀግንነቱ ተሸለመ፤ ለመኰብለሉም የንጉሥ ምሕረት አገኘ። ከዚያ ወደ ሩስያ ሄዶ ከነጮቹ ጦር ጋር አብዮቱን ተዋጋ፤ እ.ኤ.አ. በ1920 ለአገሩ በአንትወርፕ ኦሊምፒክ ተወዳደረ፤ በ1933 ወደ ኤቨረስት ተራራ ከዘመቱት ጋር ወጣ። በሱዳን የግመል ጦር ካገለገለና አዛዡም ከሆነ በኋላ የጦር መኮንንነቱን ትቶ ወደ አስተዳደር ተዛወረና በዳርፉር የወረዳ ገዥ ሆነ። እ.ኤ.አ. በ1940 ወደ ውትድርና የመለሰው የኢትዮጵያ ዘመቻ ነው። ደፋር፣ ችግር ቻይ፣ ከወታደሮቹ ጋር የሚውልና የሚያድር ሰው እንደነበር የሚጠራጠር የለም። የጥያቄው ክብደትም ከዚሁ ይመጣል፤ ሰውዬው ጨካኝና ንፉግ ቢሆን ኖሮ ፍርዱ ቀላል በሆነ ነበር።

ስለ አጋዡ ከመናገር አስቀድሞ ግን ስለ ታጋዡ መናገር ይገባል። የብሪታንያ መንግሥት እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 16 ቀን 1938 ከኢጣልያ ጋር ባደረገው ስምምነት መሠረት በዚያው ዓመት ፋሺስቶች ኢትዮጵያን መያዛቸውን በሕግ አወቀ። በዚያ ዓመት በዳሞት፣ በሰከላ፣ በአገው ምድርና በቢቸና አርበኞች በረሃ ላይ ነበሩ፤ የለንደንን ውል የጠየቃቸውም፣ የነገራቸውም አልነበረም። ጠላት በምሽግና በመኪና መንገድ ተወስኖ፣ ገጠሩ በአርበኛው እጅ ነበር። ስለዚህም ኮሎኔል ዳንኤል ሳንድፎርድ በነሐሴ 1932 ዓ.ም. ከጥቂት ሰዎች ጋር ድንበር ተሻግሮ ወደ ሰከላ ሲዘልቅ የመጣው እንደ ጌታ ሳይሆን እንደ እንግዳ ነው። ደጃዝማች መንገሻ ጀምበሬና ደጃዝማች ነጋሽ በዛብህ የቆየ ቅራኔያቸውን ትተው እንዲተባበሩ የቻለውን ያህል ለመነ፣ አግባባ። ሊያዛቸው አይችልም ነበር። ገበሬው እህል ካልሰጠው ይራባል፤ መንገድ ካላሳየው ይጠፋል፤ ለጠላት ከጠቆመበት ይያዛል። የጌዴዎን ጦር ከወራት በኋላ ሲመጣ ያገኘው ይህን የተደላደለ መሬት ነው።

ነገሩ ጠለቅ ተብሎ ሲመረመር ፍሬው እዚህ ላይ ይገኛል። ቡስቴድን በቡሬ አጋዥ ያደረገው የገዛ ልቡ ደግነት ብቻ አልነበረም። የጎጃም ሰው «አይሆንም» ማለት ይችል ስለነበር ነው። ለአምስት ዓመት «አይሆንም» ያለ ሕዝብ መካከል የገባ እንግዳ፣ ቢፈልግም ባይፈልግም፣ ከአጋዥነት በላይ ሊሆን የሚችልበት ቦታ አያገኝም።

ይኸው ሰው «አይሆንም» ማለት በማይቻልበት አገር ምን ሆነ? ከጦርነቱ በኋላ ወደ ዳርፉር አስተዳደር ተመለሰ። እ.ኤ.አ. በ1949 ደግሞ በደቡብ ዓረብ በሐድራሞት ግዛቶች ነዋሪ አማካሪ ተብሎ ተሾመና በሙከላ ከተማ ተቀመጠ። ስሙ አማካሪ ይሁን እንጂ የሙከላው የቁዐይጢ ሱልጣን እ.ኤ.አ. በ1937 ከብሪታንያ ጋር የተዋዋለው ከእስልምና ሃይማኖትና ልማድ በቀር በማናቸውም ጉዳይ የአማካሪውን ምክር እንዲቀበል ነበር። ምክርን ከትእዛዝ የሚለየው ግን የመካሪው አንደበት መለስለስ አይደለም፤ ተመካሪው ሰምቶ መተው መቻሉ ነው። መተው የማይቻል ምክር ልብሱን የለወጠ ትእዛዝ ነው።

ቡስቴድ በሐድራሞት ሰነፍ ሹም አልነበረም። ሰው በረሃብ ያለቀበትን አገር ተረክቦ የመስኖ ፓምፕ እንዲስፋፋ፣ ትምህርት ቤትና ሐኪም ቤት እንዲበዛ ደክሟል። ይህን መካድ ፍርድን ያጎድላል። ነገር ግን እ.ኤ.አ. ታኅሣሥ 27 ቀን 1950 በሙከላ የሆነውም ሊካድ አይችልም። የሱልጣኑ መንግሥት ዋና ሹም ሱዳናዊ ሆኖ ሲሾም፣ ሹመቱ ለአገር ተወላጅ ይገባል ያለ ሕዝብ በቤተ መንግሥቱ ፊት ተሰበሰበ። ተተኮሰበት፤ ብዙ ሰው ሞተ። የተጠየቀው ትልቅ ነገር አልነበረም፤ የገዛ አገር ሰው ይሹምልን ነው። በ1933 ዓ.ም. የጎጃም ገበሬ ከጠየቀው ያነሰ እንጂ የበለጠ አይደለም። በዚያን ጊዜ በሙከላ በነዋሪ አማካሪው ወንበር ላይ የተቀመጠው የቡሬው ቡስቴድ ነበር።

ለእርሱ ጠበቃ የሚቆም ሰው፣ «ይህ የሥርዓቱ ጥፋት ነው፤ እሱ አገልጋይ ብቻ ነው» ይል ይሆናል። መልካም፤ ግን ይህ ክርክር በሁለቱም በኩል ይቆርጣል። የሙከላው ደም የሥርዓቱ ነው ከተባለ የቡሬውም ድል የሥርዓቱ ሊባል ነው። እንዲህ ከሆነ ለሰውዬው የሚቀርለት ምስጋናም ወቀሳም የለም። ሰውን ከምስጋናም ከወቀሳም ነፃ ማድረግ ደግሞ ከሰውነት ተራ ማውጣት ነው። ይልቅስ እውነቱ ሌላ ይመስላል። ቡስቴድ በሁለቱም ቦታ ያው ሰው ነው፤ ድፍረቱም፣ ትጋቱም፣ «ለእነዚህ ሰዎች የሚበጀውን አውቃለሁ» የሚለው እምነቱም ያው ነው። የተለወጠው በፊቱ የቆመው ሰው አቅም ነው። በቡሬ ይህን እምነቱን የሚገታ የታጠቀ አርበኛ ነበር፤ በሙከላ ግን የሚገታው ስላልነበረ ደግነቱ ሳይቀር የመግዣ መሣሪያ ሆነ። ለዚህም ነው በቅኝ አገዛዝ ውስጥ ደጉ ሹም ከክፉው ይልቅ ለማሰብ የሚያስቸግረው፤ ክፉው ሹም አገዛዙን ያስጠላል፣ ደጉ ግን ያስወድደዋል።

ኢትዮጵያም ራሷ ከዚህ ፈተና አላመለጠችም። ንጉሠ ነገሥቱ ሚያዝያ 27 ቀን 1933 ዓ.ም. አዲስ አበባ ሲገቡ ከተማይቱ በብሪታንያ የጦር አስተዳደር እጅ ነበረች። የአስተዳደሩ ዋና የፖለቲካ ሹም ፊሊፕ ሚቸል ቀደም ሲል ዑጋንዳን የገዛ፣ በኋላም የፊጂና የኬንያ ገዥ የሆነ ሰው ነው፤ አገሪቱም በብርቱ ቁጥጥር ሥር እንድትውል ይፈልግ ነበር። ጥር 23 ቀን 1934 ዓ.ም. የተፈረመው ውል ነፃነትን ቢያውቅም የብሪታንያን መልእክተኛ ከሌሎች መንግሥታት ወኪሎች ሁሉ አስቀደመ፤ እንግሊዛውያን አማካሪዎችንና ዳኞችን አመጣ፤ ለመጀመሪያው ዓመት 1,500,000 ፓውንድ ሰጠ። ገንዘቡ ውለታ ነው፤ ውሉ ደግሞ የውለታው ዋጋ ነው። ኢትዮጵያ ግን መከራከር ችላለችና ታኅሣሥ 10 ቀን 1937 ዓ.ም. በተፈረመው ሁለተኛ ውል አብዛኛው ቀረ፤ በብሪታንያ አስተዳደር የቆዩት የኦጋዴንና የሐውድ መሬቶች ተሟልተው የተመለሱት ግን በ1947 ዓ.ም. ነው። ሳንድፎርድም በአገር ግዛት ሚኒስቴር አማካሪ ሆኖ ነበር። ምክሩ ሲበጅ ተሰማ፣ ሳይበጅ ተተወ። አማካሪ ማለት ይህ ነውና ቅር ብሎት አገር አልለቀቀም፤ እ.ኤ.አ. በ1972 እስኪሞት በኢትዮጵያ ኖረ። ሳንድፎርድ ከቡስቴድ የተሻለ ሰው ነበር ለማለት ማስረጃ የለም። የተሻለው፣ የተቀመጠበት ወንበር ነው።

በነገራችን ላይ፣ «አይሆንም» የሚል ሰው የሚያስፈራው የባዕድን ሹም ብቻ አይደለም። በቢቸና በኩል አምስት ዓመት ሙሉ ለፋሺስት ያልተበገረው በላይ ዘለቀ በጥር 1937 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ተሰቀለ፤ ሁለተኛው ውል በተፈረመ በወሩ መሆኑ ነው። የእንግሊዝን የውለታ ዋጋ በልኩ የቀነሰው መንግሥት የገዛ አርበኛውን ውለታ በዚህ ከፈለ።

ከሁሉ ይልቅ የተረሳው ግን ሌላ ነው። በቡሬና በጉሊት ከቡስቴድ በስተኋላ ሳይሆን ከፊቱ የተሰለፈው የሱዳን ወታደር ነው። ማንም የሱን ፈቃድ ጠይቆ ጦርነት አላወጀም። ለጎረቤቱ ነፃነት ሲዋጋ የገዛ አገሩ በባዕድ እጅ ነበረች፤ ሱዳን ነፃ የወጣችው እ.ኤ.አ. ጥር 1 ቀን 1956፣ ቡሬ ነፃ ከወጣች ከ15 ዓመት በኋላ ነው። የጎጃም ሰው ውለታ አለብኝ ካለ ሂሳቡን ከዚህ ወታደር ቢጀምር አይሳሳትም፤ ይህ ባለውለታ ውል አላስፈረመም፣ አማካሪም አላስቀመጠም።

ቡስቴድ ከሐድራሞት በኋላ በኦማን የልማት ሹም፣ በአቡ ዳቢ ደግሞ የፖለቲካ ወኪል ሆኖ ሠርቷል። እ.ኤ.አ. ኅዳር 30 ቀን 1967 ሙከላ ነፃ ከወጣው የደቡብ የመን ግዛት ጋር ስትቀላቀል እሱ ሥራውን ትቶ በዚያው በዓረብ ምድር ፈረስ ያረባ ነበር፤ የሞተውም እ.ኤ.አ. በ1980 ነው። ከነዚህ ሹመቶች ሁሉ በፊት ግን፣ ከጎጃም ዘመቻ ማግስት፣ አሮጌው የዳርፉር ወንበሩ ነበር። አብረውት በበላያ ዳገት ግመል የጎተቱ፣ በጨለማ የቡሬን ምሽግ የከበቡ የዳርፉር ልጆች ካሉ ወደየቀያቸው ተመልሰዋል፤ ስለ ግብር ወይም ስለ መሬት አቤት ለማለት ወደ ወረዳው ጽሕፈት ቤት በሄዱም ጊዜ ከጠረጴዛው ማዶ ተቀምጦ የጠበቃቸው የቀድሞ አዛዣቸው ነበር።