ስለማይጠየቅ ፈራጅ

ፈራጅ በባልንጀራው ቃል ላይ ከመፍረዱ አስቀድሞ እርሱም በማይደለል መንበር ፊት እንደሚቆም ማሰቡ በአባቶቻችን ዘንድ የርትዕ ፍርድ መሠረት ነበር፤ ከዜና ግርጌ አንባቢ የሚጽፈውን አስተያየት እያበጠረ ይለፍ ወይም ይወገድ የማለቱ ሥራ ለሰው ሠራሽ አስተውሎት ሲሰጥ ግን፣ ሥልጣኑ ሳይጓደል ተላልፎ ፍርሃቱ ብቻ ወደ ኋላ ይቀራል።

ኒው ዮርክ ታይምስ በሰኔ 2009 ዓ.ም. ይህን ሥራ በከፊል ለመሣሪያ ሲሰጥ፣ መሣሪያው የጋዜጣው ሠራተኞች በዓመታት ከመረመሯቸው ከ16 ሚሊዮን በላይ አስተያየቶች ተምሮ ነበር፤ ስለዚህ ተግባሩ አዲሱን ቃል ከቀድሞው ጋራ አመሳስሎ ግምቱን በቁጥር ማውጣት እንጂ፣ ተናጋሪው በቁጣ ወይስ በኀዘን፣ በፌዝ ወይስ በጸሎት እንደ ተናገረ ማወቅ አይደለም። ልብንና ኵላሊትን መመርመርስ የማን ሥራ እንደ ሆነ ለምእመን አይነገርም።

በ2006 ዓ.ም. ከደቡብ ሱዳን ጦርነት የሸሹ፣ አብዛኞቹ ኑኤር የሆኑ ስደተኞች በሰፈሩባት በጋምቤላዋ ትየርኪዲ፣ በስልክ የሚደርሰው ዜና የወገንን ሞት የሚያረዳ ሊሆን ይችላልና፣ ከግርጌው የሚጻፈው ቃል ዋይታ ይሁን የበቀል ጥሪ የሚለየው የልሳኑ ልጅ ነው፤ ኑኤርኛ በበይነ መረብ ጽሑፉ ጥቂት ስለ ሆነ መሣሪያው የሚማርበት እንኳ በቅጡ የለውም። በኑኤር የቆየ ሥርዐት ደም ያፈሰሰ ሰው የነብር ቆዳ ወደሚለብሰው የምድር ካህን ቤት ይጠጋል፤ ካህኑም ክንዱን በጥቶ ደሙን ካፈሰሰለት በኋላ፣ ወደ ሟች ወገን እየተመላለሰ፣ እምቢታቸውንም እየታገሠ፣ በከብት ካሣ ያስታርቃል። ወታደርም ወኅኒም የለውም፤ ቃሉ የሚሰማው ቅድስናው ስለሚፈራ፣ ነገም ከሁለቱም ወገን ጋራ በአንድ ምድር የሚኖር ስለ ሆነ ነው።

የመዘግየትን ዋጋ አላቃልልም። ነገሩ የጋዜጣ ባይሆንም፣ ፕሮፌሰር መዓረግ አማረ በጥቅምት 2014 ዓ.ም. በባሕር ዳር ከመገደላቸው በፊት በፌስቡክ የተሠራጩባቸው ጽሑፎች እንዲነሡ ልጃቸው አመልክተው እንደ ነበር፣ በታኅሣሥ 2015 ዓ.ም. ናይሮቢ ላይ በቀረበው ክስ ተገልጧል፤ አዋጅ ቁጥር 1185/2012ም የማኅበራዊ ሚዲያ ድርጅት የጥላቻ ንግግርን ጥቆማው በደረሰው በ24 ሰዓት ውስጥ እንዲያስወግድ ይላል። እንዲህ ባለ ጊዜ ፈጣኑ መሣሪያ ቃሉን ይዞ ቢያቆይ አልቃወምም፤ ማቆየት ግን ኵነኔ አይደለም።

የተኰነነ ሰው ወይ ንስሐ የሚገባበት ወይ ተበደልሁ ብሎ የሚሟገትበት ፊት ያስፈልገዋልና፣ የጋዜጣ ባለቤት መሣሪያው አነሣው ብሎ እንደ ጲላጦስ እጁን ሊታጠብ አይችልም። በትየርኪዲ ላለችው አንባቢ ጽሑፏን ያገደባት አዘጋጅ ስሙን ሊገልጽላት፣ ቋንቋዋንም ሊያውቅላት ይገባል፤ ይህ እስኪሆን ድረስ የኑኤርኛው አስተያየት በሰው ዐይን እየታየ አንድ ቀን ቢዘገይ እመርጣለሁ።