ለሙታን የሚደረግ ቸርነት

ሕያዋን በዐይናቸው ላላዩት ሙት ዕዳ አለባቸው ወይ የሚለው ጥያቄ በሃይማኖትም በፍልስፍናም የቆየ ሲሆን፣ የጀርመን ተማሪዎች በገዛ ፈቃዳቸው የሚያከናውኑት የመታሰቢያ እድሳት ይህንኑ ጥያቄ ወደ አደባባይ አውጥቶታል። «የማሰናከያ ድንጋይ» የሚባለው መታሰቢያ፣ የኪነ ጥበብ ባለሙያው ጉንተር ዴምኒግ እ.ኤ.አ. በ1992 በኮሎኝ ከተማ የጀመረው ሥራ ነው፤ ይኸውም በናዚ አገዛዝ የተሳደዱና የተገደሉ ሰዎች በፈቃዳቸው በኖሩበት የመጨረሻ ቤት ደጃፍ የሚተከል፣ ገጹ በ10 ሴንቲ ሜትር የናስ ሰሌዳ የተሸፈነ አራት ማዕዘን ኮንክሪት ሲሆን፣ በላዩ የሰውየው ስም፣ የትውልድ ዘመኑና የደረሰበት ዕጣ ተቀርጾበታል። ዛሬ በልዩ ልዩ የአውሮፓ አገሮች ከ100,000 በላይ እንዲህ ያሉ ድንጋዮች ተተክለዋል። ናስ የመዳብና የዚንክ ቅይጥ በመሆኑ በአየርና በእርጥበት ይጠቁራልና፣ በተለይ በ1938 የአይሁድ ምኩራቦች በናዚዎች መቃጠል በሚታሰብበት በኖቬምበር 9 ሰሞን ተማሪዎች ተንበርክከው ይወለውሏቸዋል።

የግሪኩ ፈላስፋ ኤፒኩረስ ሙት ስሜት ስለሌለው ጥሩም ሆነ ክፉ ሊደርስበት አይችልም ብሎ ያስተማረ በመሆኑ፣ በእርሱ አስተሳሰብ ከሄድን ይህ ድካም ለሙታኑ አንዳች አይፈይድም። ይሁን እንጂ በሌለበት የታማ ሰው ሐሜቱን ባይሰማም እንደተበደለ ሁሉ፣ በደል የሚለካው በተበዳዩ ስሜት ብቻ አይደለም። በአውሽዊትዝ ማጎሪያ ካምፕ የእስረኞችን ስም በቁጥር የተካው አገዛዝ ከነፍሳቸው ሌላ ሰውነታቸውንም ለመሰረዝ አስቦ ነበርና፣ ስማቸው እንዲነበብ ማድረግ ያ ስረዛ እንዳይፈጸም መከልከል ነው።

ያዕቆብ በግብፅ እንዳይቀብረው ዮሴፍን በለመነበት በኦሪት ዘፍጥረት ምዕራፍ 47 ላይ፣ የ11ኛው ክፍለ ዘመን አይሁዳዊ ተርጓሚ ራሺ ለሙት የሚደረግ ቸርነት ብድራት ስለማይጠበቅበት እውነተኛ ቸርነት ነው ሲል ሐተታ ሰጥቷል። የፈቃደኝነትም ትርጉም እዚህ ላይ ጎልቶ ይታያል። ጀርመናዊው ፈላስፋ ካርል ያስፐርስ በ1946 ባሳተመው መጽሐፍ በደልን የወንጀል፣ የፖለቲካ፣ የሞራልና ሜታፊዚካዊ፣ ማለትም ሰው በሰውነቱ ብቻ ለሰው ያለበትን አጋርነት ማጉደል፣ ብሎ በአራት ሲከፍል፣ አንድ ሕዝብ በጅምላ ወንጀለኛ ሊባል እንደማይችል አስረድቷል። ከወንጀሉ በኋላ የተወለደ ተማሪም ቅጣት አይገባውም፤ ስለዚህ ሥራው ወዶ የሚወስደው ኃላፊነት እንጂ የንስሐ ቅጣት አይደለም።

ተቃውሞ አልጠፋም። የሙኒክ አይሁድ ማኅበረሰብ መሪ ሻርሎተ ክኖብሎክ የሙታን ስም በእግር መረገጡን በመቃወማቸው፣ የከተማዋ ምክር ቤትም ድንጋዮቹ በሕዝብ ይዞታ ላይ እንዳይተከሉ በመከልከሉ፣ ሙኒክ በግድግዳና በምሰሶ ላይ የሚቆሙ ሰሌዳዎችን መርጣለች። ክርክሩ ግን ስለ ቦታውና ስለ ክብሩ እንጂ ስሙ መነበብ ይገባዋል ወይ ስለሚለው አይደለም። በመንገድም ላይ ይሁን በግድግዳ፣ መታሰቢያን አቁሞ ሳይንከባከቡ መተው የተጀመረውን ቸርነት ማጉደል ነው፤ ዕዳውም በምረቃው ዕለት ተከፍሎ የሚያልቅ ሳይሆን ከትውልድ ወደ ትውልድ የሚተላለፍ ነው።