ወጭቱ የማን ነው?

ባለፈው ክረምት ለእረፍት ጎንደር ነበርኩ። ዝናቡ አላስወጣ ብሎን ከአክስቴ ልጅ ጋር ቡና ይዘን ቁጭ ብለናል። እሷ ቆርቆሮ፣ ሲሚንቶና ሚስማር በጅምላ የሚሸጥ ነጋዴ ዘንድ ሒሳብ ያዥ ናት። አቦሉ አልቆ ቶናው ሲቀዳ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ጠየቀችኝ።

"አንተ ፕሮግራም ትሠራ የለ? የተመዘገበ ሽያጭ ዱካ ሳይተው የሚያጠፋ ነገር መሥራት ይቻላል?"

ይቻላል። እንደሚቻል የማውቀው ደግሞ ሠርቼው ስለማውቅ ነው። ከሁለት ዓመት በፊት አንድ የሱቅ ባለቤት "የተሳሳተ ሽያጭ የምናጠፋበት ቁልፍ ጨምርልን" አለኝ። ለምን ዱካ እንዳይተው እንደፈለገ ገብቶኛል፤ ግን አልጠየቅሁም። ብሬን ተቀብዬ ወጣሁ። ስለዚህ የአክስቴን ልጅ ቀና ብዬ ማየት አቃተኝ።

ነገሩን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ዕቃ ልትገዙ ስትሉ "በደረሰኝ ነው ያለ ደረሰኝ?" ተብላችሁ አታውቁም? የዚያ ጥያቄ ሌላኛው ጫፍ ያለው የሒሳብ ያዥ ጠረጴዛ ላይ ነው። አንዱ መዝገብ ለገቢዎች፣ ሌላው ለባለቤቱ። የተጨማሪ እሴት ታክስ 15 በመቶ ነው። ከ115 ብር ውስጥ 100ው የነጋዴው ነው፤ 15ቷን ግን ገዢው በነጋዴው እጅ የላካት አደራ ናት። ታክሱ ዋጋው ውስጥ ተካቶበት ደረሰኝ ያልተሰጠው የዳባት ወይም የደባርቅ ገበሬ ለቤቱ ቆርቆሮ ሲገዛ ግብሩን ከፍሏል። የከፈለው ግን መንገድ ላይ ቀርቷል።

የአሠሪዋንም ወገን መስማት ደግ ነው። "ጋሼ" ነው የምትለው፤ ክፉ ሰው አይደለም። እሱ የሚለው እንዲህ ነው፦ "ጭነቱ እስኪደርስ በየመንገዱ የምከፍለው ደረሰኝ የለውም። ደረሰኝ የሌለውን ወጪ ደግሞ ማንም አይቀበለኝም። እውነቱን ባስመዘግብ ያላተረፍኩትን አትርፈሃል ተብዬ እከፍላለሁ። ጎረቤቴ ደረሰኝ አይቆርጥም፤ እኔ ብቻዬን ብቆርጥ ነገ እዘጋለሁ።" ይሄ ተራ ሰበብ አይደለም። መንገዱን የሚያውቅ ሰው ይህን በቀላሉ አያጣጥለውም።

ከዚያ ደግሞ ውለታ አለ። እናቷ የታመሙ ጊዜ የሆስፒታሉን ወጪ የሸፈነው እሱ ነው። የታናሽ ወንድሟ ትምህርት የሚከፈለው ከዚህ ደመወዝ ነው። "የበላሁበትን ወጭት ልስበር?" አለችኝ። ለአንድ ሐበሻ ከዚህ የከበደ ስድብ ጥቂት ነው። ወጭት ሰባሪ!

ጨዋታውን የቀየረው ቀጥላ የነገረችኝ ነው። ሁለት የሆነው የሽያጩ መዝገብ ብቻ አይደለም፤ የደመወዙም ነው። መጋዘን ውስጥ ዕድሜያቸውን በሸክም የጨረሱ፣ "አያ" እያሉ የሚጠሯቸው ሰው አሉ። በእጃቸው 8,000 ብር ይቀበላሉ፤ ወረቀት ላይ የሚፈርሙት 3,000 ነው። ለግል ድርጅት ሠራተኛ ጡረታ ሠራተኛው 7፣ አሠሪው 11 በመቶ ያዋጣሉ። የ8,000 ብር 18 በመቶ 1,440 ነው፤ የ3,000 ብር ደግሞ 540። በየወሩ 900 ብር፣ በዓመት 10,800 ብር ወደ ጡረታቸው አይገባም። አበላቸው የሚሰላውም በተመዘገበው ደመወዝ ነው። አያ ይህን አያውቁም። ግብር ስለማይቆረጥባቸው እንዲያውም ይመርቁታል።

እዚህ ላይ ጠየቅኋት፦ "ወጭቱ የማን ነው?" አብረው የሚበሉት አያም ናቸው እኮ። ውለታ ባለውለታውን እንድናከብር ያስገድደናል፤ ከሦስተኛ ሰው ኪስ አውጥተን እንድንከፍለው ግን አያስገድደንም። በአያ ጡረታ የሚከፈል ምስጋና ምስጋና አይባልም።

የወርልድኮምን ታሪክ ነገርኳት። እ.ኤ.አ. በ2000 ቤቲ ቪንሰን የምትባል የሒሳብ ሠራተኛ ወጪን የሚደብቅ የ828 ሚሊዮን ዶላር ምዝገባ እንድታስገባ አለቆቿ አዘዟት። ልክ እንዳልሆነ ታውቃለች። የመልቀቂያ ደብዳቤ ሁሉ ጽፋ ነበር፤ አላስገባችውም። ቤተሰብ ነበራት፤ ለአንድ ጊዜ ብቻ ነው ተባለች። ቀጣዩ ሩብ ዓመት መጣ፣ ከዚያም ሌላው። ድርጅቱ በ2002 ከሰረ፤ እሷ በ2005 አምስት ወር እስር ተፈረደባት። "ታዘዝኩ" የሚለው አላዳናትም። የእኛም የታክስ አስተዳደር አዋጅ 983/2008 ወንጀሉን የሚረዳውን ጭምር ይቀጣል።

ታዲያ ሄዳ ትጠቁም? እዚህ ላይ እጄን እሰበስባለሁ። እኔ እንደሚመስለኝ ሦስት ነገር ተቀላቅሎብናል፦ አለመናገር፣ ውሸት አለመጻፍና ማጋለጥ። የሒሳብ ሙያ ዓለም አቀፍ የሥነ ምግባር ደንብ ሐቀኝነትንም ምስጢር ጠባቂነትንም በአንድነት ከመርሆቹ ይቆጥራል። የጠቋሚዎች ጥበቃ አዋጅ 699/2003ም አለ። ግን ሁሉ በሚተዋወቅበት ከተማ ጥቆማ ምን እንደሚያስከፍል አዲስ አበባ ተቀምጬ ልፈርድባት አልችልም። ማጋለጥ ሰው እንደ አቅሙ የሚሸከመው ነው። በገዛ እጅ ውሸት አለመጻፍ ግን ከሁሉም የሚጠበቅ ትንሹ ነገር ነው። ምክንያቱም የጻፈው እጅ የሷ ነው፤ የአሠሪዋ አይደለም።

በነሐሴ መጨረሻ የአያን ስሌት በአንድ ገጽ ጽፋ፣ በር ዘግታ ለጋሼ ሰጠችው። "እርስዎን አላጋልጥም፤ ይሄንን ግን ከእንግዲህ አልጽፍም" አለችው። ሁለት ቀን አላናገራትም። በሦስተኛው ቀን "ከመስከረም ጀምሮ ደመወዙን በልኩ አድርጊው፤ ሽያጩን ለልጄ ተይለት" አላት። ያለፉት ዓመታት አልተመለሱም። ሁለተኛው የሽያጭ መዝገብም አለ፤ አሁን በሌላ እጅ ይጻፋል። እሷ እዚያው ትሠራለች። "ነጻሁ እንዴ?" ብላ በስልክ ጠየቀችኝ። አላልኳትም። አንድ ሰው ግን በልኩ ጡረታ እየተቆረጠላቸው ነው።

እኔም ለባለሱቁ ደወልኩ። "ወይ ቁልፉ ዱካ ይተው፣ ወይ ጥገናውን አቆማለሁ" አልኩት። ሌላ ልጅ ቀጠረ። ቁልፉ አሁንም እዚያ አለ። ያለ አንዳች ስህተት ይሠራል፤ የጻፍኩት እኔ ነኝ።