ልጅን ከቤት አውጥቶ ለመምህር ስለ መስጠት

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

በአዊ አገር፣ በግምጃ ቤት ከሚኖሩ የንስሐ ልጆቼ አንዱ በአንድ ሰንበት ከቅዳሴ በኋላ የአሥራ አንድ ዓመት ልጁን በእጁ ይዞ ወደ እኔ መጣ። ይህ ልጅ እናቱ ካረፈች ወዲህ ከባልንጀሮቹ ጋር መጫወት የተወ፣ ሌሊት እየቃዠ የሚነሣ፣ ዛሬ ያነበበውን ነገ የሚዘነጋ ሆኗል፤ በትምህርት ቤትም ሁለት ጊዜ በዚያው ክፍል ቀርቷል። አባቱም፦ «አባቴ፣ እኔ እርሻውንም ልጁንም አልቻልኩም። አንዱ ዘመዴ ከተማ ካለ አዳሪ ትምህርት ቤት አስገባው ይለኛል፤ ሌላው ደግሞ ወደ ደብር ወስደህ ለየኔታ ስጠው፣ ቍራሹን እየለመነ ይማር፣ ችግር ያስተምረዋል ይለኛል። ከሁለቱ ወደ አንዱ ልልከው ቆርጫለሁና ይባርኩልኝ» አለኝ። እኔም «ልጄ፣ ልጁ የሚያድርበትን ቤት አይተኸዋልን?» ብዬ ጠየቅሁት። አላየውም። «የሚያሳድረውን ሰውስ ታውቀዋለህን?» አልሁት። ዝም አለ። ልጁ ግን በዚያች ጊዜ ቀና ብሎ አየኝ።

ይህ የአንድ ሰው ጥያቄ ብቻ ቢሆን ኖሮ በዚህ መጽሔት ባላነሣሁት ነበር። ነገር ግን ከ2015 ዓ.ም. ማለቂያ ጀምሮ በክልላችን በተነሣው ጦርነት ብዙ ትምህርት ቤቶች ተዘግተው ስለ ቆዩ፣ ብዙ ልጆችም የተኩስ ድምፅ እየሰሙ ስላደሩ፣ አንዳንዶቹም ወላጅ ስላጡ፣ ልጁን ወደ ሩቅ አገር ልስደደው ወይስ ልያዘው እያለ ምክር የሚጠይቅ ወላጅ በየደጀ ሰላሙ ይገኛል። ቀድሞ አዳሪ ትምህርት ቤት የሚታሰበው ለብርቱ ተማሪ ነበር፤ በ1935 ዓ.ም. በኮተቤ የተከፈተው የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ትምህርት ቤትም ተማሪዎቹን እያሳደረ ያስተምር የነበረው ለአገር አገልግሎት የሚበቁ ሰዎችን ለማግኘት ነው። ዛሬ ግን የሚጠየቀው ለደከመው፣ ላዘነው፣ ፊደል ለከበደው ልጅ ሆኗል። ብርቱው ልጅ ክፉ ቤት ቢገባ እንኳ ሊያመልጥ ይችላል፤ የደከመው ግን ወደ ገባበት ቤት ዓይነት ይለወጣል።

ግምጃ ቤት ማለት የከበረ ዕቃ የሚጠበቅበት ቤት ነው። የንዋየ ቅድሳቱ ቍልፍ በማን እጅ ይሁን ተብሎ የሰበካው ጉባኤ ስንት ቀን እንደሚመክር እናውቃለን። የአገራችን ሰው ፈረስ ሲገዛ ጥርሱን ገልጦ፣ ሰኮናውን አንሥቶ፣ ሜዳ ላይ አስጋልቦ ሳያይ ብሩን አይቈጥርም። ያው ሰው ልጁን ግን በዘመድ ወሬና በአንድ የስልክ ንግግር አሳልፎ ይሰጣል።

ልጅን ከቤት አውጥቶ መስጠት በራሱ ነቀፋ ያለበት አይደለም። እመቤታችን ከሦስት ዓመቷ ጀምሮ በቤተ መቅደስ አድጋለች፤ በዓታዋን በታኅሣሥ 3 ቀን እናከብራለን። ሐናም፣ የሕልቃና ሚስት፣ ሳሙኤልን ለሴሎ ቤተ መቅደስ ሰጥታለች። ሆኖም ይህች ሐና ልጇን እንዴት አድርጋ እንደ ሰጠች በመጀመሪያው መጽሐፈ ሳሙኤል ቀስ ብለን እንመልከት። ሌሎች ሁሉ ለመሥዋዕት ወደ ሴሎ ሲወጡ እርሷ ልጁ ጡት እስኪተው ድረስ በቤት ቀረች፤ ስእለት ተስላ ሳለች እንኳ ጊዜውን የወሰነችው በልጁ ዕድሜ እንጂ በስእለቷ ጥድፊያ አይደለም። ባሏም በዚህ አላስቸገራትም።

ደግሞም ሐና ዔሊን ታውቀው ነበር። ከንፈሯ እየተንቀሳቀሰ ድምፅዋ ሳይሰማ በጸለየች ጊዜ ይህ ካህን ሰክራለች ብሎ ገሠጻት። እርሷም ኀዘኗን በገለጠችለት ጊዜ ፍርዱን መልሶ ባረካት። እኔ ይህን ታሪክ ለብዙ ዘመን ስሰብክ የሐናን ትሕትና ብቻ አይ ነበር፤ አሁን ግን ሌላም ነገር ይታየኛል። ሐና ልጇን የሰጠችው ፈጽሞ የማይሳሳት መምህር አግኝታ አይደለም፤ የተሳሳተውን ሲነግሩት የሚመለስ መምህር ስላገኘች ነው። ልባቸው በተሰበረ ልጆች ላይ የማይሳሳት መምህር የለም፤ ዝምታቸው ትዕቢት፣ ፍርሃታቸው ስንፍና ይመስላልና።

ቀጥሎ የሌሊቱን ነገር እንመልከት። ሕፃኑ ሦስት ጊዜ ተነሥቶ ወደ ዔሊ ሮጠ። ዔሊ ሽማግሌ ነው፣ ዓይኖቹም ፈዘዋል፤ እንቅልፉን ሦስት ጊዜ ሲያቋርጡበት መቈጣት በተገባው ነበር የሚል ይኖራል። እርሱ ግን አልጠራሁህም፣ ተመልሰህ ተኛ ከማለት በቀር አልመታውም፣ አላሳፈረውም። በሦስተኛው ጊዜ ደግሞ ይህ ልጅ በከንቱ አይነሣም ብሎ ምክንያቱን መረመረ። ምእመናን ሆይ፣ አዳሪ ቤት የሚመረመረው በቀን አይደለም። በቀን ሁሉም ቤት ጥሩ ነው፤ ግድግዳው ተለቅልቋል፣ ተማሪው ተሰልፏል። የሚመረመረው ልጅ በሌሊት ፈርቶ ሲነሣ፣ ወይም በአልጋው ላይ ሲሸና፣ ወደ ማን ይሮጣል? የሮጠበትስ ሰው ምን ይለዋል? በሚለው ነው።

በዚያው በሴሎ ግን የዔሊ ልጆች አፍኒንና ፊንሐስ ነበሩ፤ መሥዋዕቱን በግፍ የሚቀሙ፣ በድንኳኑ ደጅ የሚያገለግሉትን ሴቶች የሚያስነውሩ። መምህሩ ደግ ስለ ሆነ ቤቱ ሁሉ ደግ ነው ማለት አይደለም። ስለዚህ ልጅ ከማን ጋር እንደሚተኛ፣ ታላላቆቹ በታናናሾቹ ላይ ምን ሥልጣን እንዳላቸው፣ ዘበኛውና አብሳዩ እነማን እንደ ሆኑ መጠየቅ ሰውን መጠርጠር አይባልም። ሐና ራሷ በየዓመቱ ትንሽ መደረቢያ ሠርታ ትወስድለት ነበር። መደረቢያ በየዓመቱ ለመሥራት የልጁን ቁመት በየዓመቱ ማየት ግድ ነው።

አሁን ስለ ራሴ አንድ ነገር ልናዘዝ። በጕልምስናዬ በአንድ ደብር ፊደልና ዳዊት ሳስተምር ከተማሪዎቼ አንዱ ተራው ደርሶ ፊቴ ሲቀመጥ ያልኩትን ትቶ ሌላ ይመልስልኝ ነበር። ንቀት መሰለኝ፤ በአለንጋ ገረፍሁት፣ በጓደኞቹም ፊት ደንቆሮ ብዬ ሰደብሁት። አንድ ሌሊት ከጎጆው ጠፍቶ ሄደ። ከዓመታት በኋላ ግራ ጆሮው ከሕፃንነቱ ጀምሮ እንደማይሰማ አወቅሁ፤ እኔ የማስቀምጠው በግራው በኩል ነበር። ስድቤ እውነት ሆኖ መገኘቱ እስከ ዛሬ ያሳፍረኛል። እርሱ ዛሬ ባለ ትዳር ገበሬ ነው፤ መስቀል ሊሳለም ሲመጣ ቀኝ ጆሮውን ወደ እኔ ያዘነብላል። አንድም ቀን ወቅሶኝ አያውቅም።

ስለ ቅዱስ ያሬድም አበው እንደሚተርኩት አባቱ ሞቶበት እናቱ ለአጎቱ ለጌዴዎን የሰጠችው ልጅ ነበር። ትምህርት አልገባው ሲል ተገረፈ፣ ሸሸ፣ በማይ ኪራሕ ከዛፍ ሥር ተቀምጦ እየወደቀች የምትወጣውን ትል አየ። እኛ መምህራን ትሏን ለልጆች ደጋግመን እንሰብካለን። አባት የሞተበትን ልጅ ዱላ እንዳላስተማረው ግን ለራሳችን አንሰብክም።

የአብነት ትምህርት ቤታችንን እያቃለልሁ አይደለም፤ ያሳደገኝ እርሱ ነው። እንዲያውም ለዘገየ ልጅ የሚሆን ታላቅ ነገር አለው፤ እያንዳንዱ ለብቻው በመምህሩ ወይም በታላቁ ተማሪ ፊት ይቀጽላል፣ ያላወቀውን እስኪያውቅ ድረስ እዚያው ይቈያል፣ ለአንዱ ተብሎ ሌላው አይጐተትም። ነገር ግን ደበሎ ለብሶ፣ አኩፋዳ አንግቶ፣ ከውሻ ጋር እየታገለ በእንተ ስማ ለማርያም ማለት የጠና ልብ ይጠይቃል። እናቱን ከቀበረ ዓመት ላልሞላው ሕፃን ይህ ትምህርት አይሆንም፤ ሁለተኛ ኀዘን ነው። ችግር ያስተምራል የሚሉት ከችግሩ የተረፍነውን ብቻ እያዩ ነው።

ለአባቱም የመለስሁለት እንዲህ ነው። አስቀድመህ ጆሮውንና ዓይኑን አስመርምር፤ የሌሊቱን ቅዠትም ለሐኪም ንገር፤ ጸበሉም ሐኪሙም አይጣሉም። አእምሮው የተሳለ ሆኖ 231ዱን ፊደል ከድምፁ ጋር ማገናኘት ብቻ የሚቸግረው ልጅ አለ፤ በኀዘን ምክንያት ልቡ የተያዘና ያጠናው የማይረጋለት ልጅም አለ፤ የሁለቱ መድኃኒት አንድ አይደለም። በአዊ አገር በመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት በአገውኛ የሚማር ልጅ፣ አማርኛ ብቻ ወደሚነገርበት አዳሪ ቤት ሲሄድ ቋንቋው ስለ ከበደው ብቻ ሰነፍ ሊባል ይችላልና ይህንም መዝን። በሰበታ ለዓይነ ስውራን የታወቀ አዳሪ ትምህርት ቤት አለ፤ በስውር ለታመመ ልብ ግን እንዲህ ያለ ቤት በቀላሉ አይገኝምና ስሙን አትመን፣ ሄደህ እይ። በ1987 ዓ.ም. የጸናው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 36 ልጅ በትምህርት ቤት ከአካል ቅጣትና ከጭካኔ አያያዝ ነጻ መሆኑን ስለሚደነግግ፣ እንቀጣዋለን፣ እናስተካክለዋለን የሚልህን በሕግም በእግዚአብሔርም ፊት እምቢ በለው። ያዕቆብ ለዔሳው ልጆቹ ደካሞች እንደ ሆኑና በእነርሱ እርምጃ ልክ እንደሚሄድ እንደ ነገረው አንተም ለመምህሩ ንገር። ልጁንም ይዘኸው ሂድ፤ የሚያድርበት እርሱ ነው።

ሄዱም። በአንደኛው ቤት የግድግዳውን የምስክር ወረቀት አሳይተው የመኝታውን ክፍል ሳያሳዩ ሸኟቸው። በሁለተኛው ግን ልጆቹን የምትጠብቅ አንዲት ሴት ስለ ውጤቱ ከመጠየቋ በፊት «ሌሊት ሲነሣ ማንን ይጠራል?» ብላ ጠየቀች። አባቱ ሲመልስ እንባ ያዘው። እርሷም አባቱ በፈለገው ቀን ሳያስታውቅ መጥቶ ሊያየው እንደሚችል ነገረችው።

ቢሆንም የእናቱ ሙት ዓመት ሳይወጣ እንዳይሄድ ተስማምተናል። እስከዚያ ድረስ ማታ ማታ ከአንድ ዲያቆን ጋር ያነባል፤ በቀን አንድ ገጽ፣ አንዳንድ ቀን ግማሽ። ባለፈው ሰንበት ወደ ቤታቸው ብሄድ አያቱ ደጃፍ ተቀምጣ ለጋቢው ጥጥ ትፈትላለች። ልጁን አቁማ ቁመቱን በክር ለካች፤ ከዚያም በክሩ ጫፍ ላይ አንድ ክንድ ያህል ጨመረች።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።