በሩን ማን ይዝጋው?

ሰው በስልክ ምርጫ ይጣላል ቢሉኝ ከጥቂት ዓመታት በፊት አላምንም ነበር። ዛሬ ግን አራት ኪሎ በምናዘወትራት ቡና ቤት ሁለት ጓደኞቼ “አይፎን ይሻላል”፣ “የለም፣ አንድሮይድ ይበልጣል” ተባብለው ማኪያቷቸው እስኪቀዘቅዝ ሲከራከሩ ማየት ልማድ ሆኖብኛል። ክርክሩ ከእግር ኳስ ደጋፊዎች ሙግት የሚለይ አይደለም። ካሜራው፣ ባትሪው፣ ዋጋው፣ የመስታወቱ ማማር ይነሳል፤ በመጨረሻ ሁለቱም ያው በያዙት ስልክ እየተነካኩ ይለያያሉ። እኔም ዳር ይዤ እየሳቅሁ አዳምጥ ነበር። ካለፈው ዓመት ወዲህ ግን መሳቁን ትቻለሁ፤ ነገሩ ቤቴ ገብቷልና።

የሆነው እንዲህ ነው። እናቴ ስልሳ ስምንት ዓመቷ ነው። ከሦስት ዓመት በፊት አንድ ርካሽ የአንድሮይድ ስልክ ገዛሁላት። አንድ ቀን የመዝሙር ማድመጫ ፕሮግራም ስትፈልግ፣ ከጓደኛዬ ያገኘሁትን ፋይል በቴሌግራም ላክሁላት። ስልኩ ከቴሌግራም የሚመጣ ፕሮግራም እንዲጫን ትፈቅዳለህን ብሎ ሲጠይቅ፣ እሷን ወክዬ “ፍቀድ” የሚለውን ነካሁ። መዝሙሩ ተከፈተ፣ ተመረቅሁ፣ ወደ ቤቴ ሄድሁ። ያን ፈቃድ መልሼ አልዘጋሁትም። ማንስ ይዘጋዋል?

ዓመት ያህል ቆይቶ በአንዲት የዕድራቸው አባል ስም ሌላ ፋይል መጣላት። የሠርግ ጥሪ ይመስል ነበር። የሴትዮዋ አካውንት ተሰርቆ ኖሮ ላኪው ሌላ ሰው ነው። እናቴ ከፈተችው፤ ጥሪው ግን የለም። “አልከፍት አለኝ” ብላ ተወችው። በሁለተኛው ቀን ከባንክ ሒሳቧ 23 ሺህ ብር ወጥቶ ተገኘ። የገባው ፕሮግራም ባንኩ በአጭር መልእክት የሚልከውን የምስጢር ቁጥር እያነበበ ለጌቶቹ ያቀብል ኖሯል።

ለመሆኑ ጥፋቱ የማን ነው? የሌባው ነው፤ ይህ አያከራክርም። ከሌባው ቀጥሎ ግን በሩን ከፍቶ የሄደ ሰው አለ፣ እርሱም እኔ ነኝ። ከእኔ ቀጥሎ ደግሞ እንዲህ ያለ በር ያለው ቤት የሠራ አለ። አንባቢ ሆይ፣ የሁለቱ ስልኮች ጉዳይ ከጌጥ ጉዳይ አልፎ የታየኝ እዚህ ላይ ነው።

ሁለቱ ቤቶች የተሠሩት በተለያየ ሐሳብ ነው። አፕል አይፎንን እ.ኤ.አ. በ2007 ለገበያ ሲያቀርብ ከውጭ ሰው የተሠራ ፕሮግራም በላዩ መጫን የማይታሰብ ነበር። በሐምሌ 2008 የፕሮግራም መደብሩን ሲከፍት እንኳ እያንዳንዱ ፕሮግራም በኩባንያው ሠራተኞች ተመርምሮ እንዲያልፍ ወሰነ። አንድሮይድን ጉግል የገዛው በ2005 ሲሆን የመጀመሪያው ስልክ አሜሪካ ውስጥ ለሽያጭ የቀረበው በጥቅምት 2008 ነው። መሠረቱ ሊኑክስ ነው፤ የፕሮግራሙ ኮድ ለማንም ክፍት ስለሆነ ኮሪያዊውም ቻይናዊውም ወስዶ በራሱ ስልክ ላይ ያሠራዋል። ፕሮግራምም ከጉግል መደብር ብቻ ሳይሆን ከየትም አምጥቶ መጫን ይቻላል። በአዲስ አበባ ሰው አነጋገር አንደኛው ዘበኛ ያለው ግቢ ነው፤ ሁለተኛው መርካቶ ነው። በግቢው ውስጥ ሁሉ ነገር በወግ ተቀምጧል፣ ጌጡም ጸጥታውም ያስቀናል፤ ግን የራስህን ወንበር ይዘህ ለመግባት ዘበኛውን ማስፈቀድ አለብህ። መርካቶ ውስጥ የማይገኝ ነገር የለም፤ ኪስህን መጠበቅ ግን ያንተ ፋንታ ነው።

ይህ አሠራር ከመልክ ይጀምራል። የአይፎን ባለቤት በፊት ገጹ ላይ ምስሎቹን ወደ ፈለገበት ባዶ ቦታ ማንቀሳቀስ የተፈቀደለት በ2024 ነው። ልብ በሉ፤ አሥራ ሰባት ዓመት ሙሉ በገዛ ስልኩ ፊት ላይ መሀሉን ባዶ መተው አይችልም ነበር። አንድሮይድ ይህን ከመጀመሪያው ፈቅዷል። በመፍቀዱም ስንቱን ለዓይን የሚያስቸግር ገጽ እንዳየሁ እኔ ነኝ የማውቀው። የባልንጀራዬ ስልክ የሚንቦገቦግ ሰዓት፣ ሦስት ዓይነት የአየር ጠባይ መግለጫና የሚዋኝ ዓሣ አለው። ደስ ይለዋል፤ ስልኩ የእርሱ ነው።

መልኩን እንተወውና ወደ ፊደል እንምጣ፤ እኔ በጽሑፍ የምተዳደር ሰው ስለሆንሁ ይህኛው ይነካኛል። አንድሮይድ ማንኛውም ሰው የሠራው የቁልፍ ሰሌዳ በስልኩ ላይ እንዲሠራ የፈቀደው በ2009 ነው። አፕል ይህን የፈቀደው በመስከረም 2014 ነው። በመካከሉ ባሉት አምስት ዓመታት አንድ ኢትዮጵያዊ ባለሙያ 231ዱን ፊደል በአውራ ጣት የሚያስጽፍ ሰሌዳ ቢሠራ፣ በአንድሮይድ ላይ ማንንም ሳያስፈቅድ ለሕዝብ ማደል ይችል ነበር። በአይፎን ላይ ግን የቀረው ብልሃት ጽሑፉን በአንድ ፕሮግራም ውስጥ ጽፎ፣ ቀድቶ፣ ወደ ሌላው ማሻገር ነበር። የአይፎን ሠሪዎች አማርኛን ጠልተው አይመስለኝም፤ ምናልባት ትዝም አላላቸው። ነገሩ የሚከብደውም እዚሁ ላይ ነው። ግቢው የተሠራው ለአሳቢው ሰው ፍላጎት ነው፤ አሳቢው ያላሰበው ሰው ደጅ ይጠናል። መርካቶ ውስጥ ግን ያልታሰበውም ሰው መደብ ዘርግቶ ይሸጣል። የመጀመሪያ መጣጥፎቼን ታክሲ ተሰልፌ በስልኬ ላይ የጻፍኋቸው በዚያ ክፍት በር በገባ የቁልፍ ሰሌዳ ስለሆነ፣ በሩ ይዘጋ የሚለኝ ሰው ሲገጥመኝ ቶሎ አልስማማም።

እናቴ የተዘረፈችው ግን በዚያው በር በኩል ነው።

እንግሊዛዊው ፈላስፋ ጆን ስቱዋርት ሚል በ1859 ባሳተመው ስለ ነፃነት በተሰኘው መጽሐፉ አንድ የድልድይ ምሳሌ አለው። ሰው ሊሰበር በተቃረበ ድልድይ ላይ ሊሻገር ሲል ብታየውና ለማስጠንቀቅ ጊዜ ባይኖርህ፣ ይዘህ ብትመልሰው ነፃነቱን አልነካህበትም ይላል፤ ሰውየው ወንዝ ውስጥ መውደቅ አይፈልግምና። አደጋው እርግጠኛ ካልሆነ ግን፣ ሰውየውም ልጅ ወይም አእምሮው የታወከ ካልሆነ፣ ልትነግረው እንጂ ልትይዘው አይገባም። መሻገር አለመሻገሩን የሚወስነው ራሱ ነው።

አንድሮይድ የሚሉን በሚል ምክር የሚሄድ ነው ማለት ይቻላል። ድልድዩ አጠገብ ቆሞ “አደጋ ሊኖር ይችላል፣ ትቀጥላለህ?” ይልሃል፤ ከዚያ ይለቅሃል። አፕል ድልድዩን በሰንሰለት ይዘጋዋል። የአፕል ተሟጋች ጓደኛዬ “እናትህ አይፎን ቢኖራት ብሯ አይወሰድም ነበር” ሲለኝ መልስ አጣሁ፤ በዚያ መንገድ አይወሰድም ነበርና። ለደኅንነት ማሻሻያም ቢሆን የእርሱ ቡድን ይበልጣል። በ2013 የወጣው አይፎን 5ኤስ በጥር 2023 የደኅንነት ማሻሻያ ደርሶታል። ጉግልና ሳምሰንግ ለውድ ስልኮቻቸው የሰባት ዓመት ማሻሻያ ቃል መግባት የጀመሩት ገና ከ2023 መጨረሻና ከ2024 መጀመሪያ ወዲህ ነው፤ እንደ እናቴ ያለውን ርካሽ ስልክ የገዛ ደግሞ እንዲህ ያለ ቃል አይጠብቅም። በክፍቱ ገበያ ውስጥም ጥበቃ በገንዘብ ነው።

ይሁንና ዘበኛ ማለት የሚታዘዝለት ጌታ ያለው ሰው ነው። አፕል በ2016 የአሜሪካው ኤፍ.ቢ.አይ. የአንድን ገዳይ ስልክ መክፈቻ ሥራልኝ ሲለው እምቢ ብሎ ፍርድ ቤት ድረስ መሟገቱን አደንቅለታለሁ። ያው ኩባንያ ግን በ2017 ቻይና ውስጥ የመንግሥትን የኢንተርኔት እገዳ ለማለፍ የሚረዱ ፕሮግራሞችን ከመደብሩ አወጣ። በ2019 የሆንግ ኮንግ ሰልፈኞች ፖሊስ የት እንዳለ የሚያዩበትን ካርታም አነሣ። መደብሩ አንድ በር ብቻ ስላለው፣ በሩ ሲዘጋ የቻይናው አይፎን ባለቤት ሌላ መግቢያ አልነበረውም። በ2017 መጀመሪያ ደግሞ ባትሪያቸው ያረጀ አይፎኖች በማሻሻያ ሰበብ እንዲዘገዩ ተደርገው፣ ኩባንያው ነገሩን በግልጽ ያመነው በዓመቱ መጨረሻ ነው። ስልኩ ድንገት እንዳይጠፋ አስቤ ነው አለ፤ ምክንያቱ እውነት ሊሆን ይችላል። ባለቤቱን ግን አልጠየቀውም።

በመርካቶው በኩል ያለው ልግስናም እንዲሁ በነፃ አይደለም። ጉግል አንድሮይድን በነፃ የሚያድለው ገቢው ከማስታወቂያ ስለሆነ ነው። የአውሮፓ ኮሚሽን በ2018 ስልክ አምራቾችን መፈለጊያዬንና ማሰሻዬን ጫኑ እያለ ያስገድዳል ብሎ 4.34 ቢሊዮን ዩሮ ቀጥቶታል፤ በ2022 ፍርድ ቤት ቅጣቱን ወደ 4.125 ቢሊዮን ዝቅ አደረገው። አሁን ደግሞ ሁለቱ እየተቀራረቡ ነው። አፕል በመጋቢት 2024 በአውሮፓ ኅብረት ሕግ ተገዶ እዚያ ሌሎች መደብሮችን አስገብቷል። ጉግል በነሐሴ 2025 ማንነቱን ያላስመዘገበ ሰው የሠራው ፕሮግራም በተመሰከረላቸው የአንድሮይድ ስልኮች ላይ እንዳይጫን ደረጃ በደረጃ አደርጋለሁ ሲል አስታውቋል። አንዱ ግቢ ቀዳዳ እየተበጀለት ነው፤ ገበያው ደግሞ አጥር እያሰበ።

ወደ እናቴ ልመለስ። አሜሪካ ያለችው እህቴ የሆነውን ስትሰማ ደነገጠች፤ ያረጀ አይፎን 8 በሰው እጅ ላከችላት። እኔም በደለኛ ስለነበርሁ ደስ ብሎኝ አዘጋጀሁት። እናቴ ሦስት ሳምንት ያዘችው። የመጀመሪያው አቤቱታዋ “መመለሻዋ የት ሄደች?” የሚል ነበር። በድሮው ስልኳ ከታች በኩል አንዲት ትንሽ ቀስት ነበረች፤ የትም ብትጠፋ እሷን ነክታ ወደ ኋላ ትመለሳለች። አዲሱ ስልክ አንድ ክብ ቁልፍ ብቻ አለው፤ እርሷን ስትጫን ወደ መጀመሪያው ገጽ ይወረውራታል። መመለሻው አንድ ጊዜ ላይኛው ጥግ ላይ በትንሽ ጽሑፍ ይቀመጣል፣ አንድ ጊዜ ደግሞ ከግራ በኩል በጣት መጥረግ ነው። የጠቢባን ንድፍ ነው ሲባል ሰምቻለሁ፤ እናቴ ግን ጠቢባኑን አላገኘቻቸውም።

ሁለተኛው አቤቱታ ከበደኝ። በድሮው ስልኳ ውስጥ አንዲት ሚሞሪ ካርድ ነበረች። መርካቶ አንድ ሙዚቃ ቤት በብር ያስሞላቻቸው የድሮ ዘፈኖችና መዝሙሮች አሉባት፤ አባቴ ከመሞቱ በፊት የልጅ ልጁን ሲመርቅ የተቀዳ ድምፁም አለባት። አይፎን የካርድ ማስገቢያ የለውም። ድምፁን በኮምፒውተር በኩል ለማዛወር አንድ ምሽት ፈጀብኝና አስገብቼ አሰማኋት። አዳመጠች። ከዚያ “ካርዷስ?” አለችኝ። “ድምፁ ውስጡ አለ፣ እማዬ፤ ካርዷ አታስፈልግም” አልኋት። “ለእኔ ታስፈልገኛለች። ይኸኛው ቢበላሽ ካርዷን አውጥቼ ከሌላ እከታታለሁ። ካንተ ደጅ አልቆምም” አለችኝ።

በማግስቱ የድሮውን ስልክ አጽድቼ፣ ሁሉን ከፍቼ እንደገና አዘጋጀሁላት። የቴሌግራሙን ፈቃድ ዘጋሁ። ከዚያ ወደ ቋንቋው ስደርስ እጄ ቆመ። አንድሮይድ ሙሉ በሙሉ በአማርኛ መሥራት ይችላል፤ ይህን አውቃለሁ። ስልኩን በገዛሁ ዕለት ግን በእንግሊዝኛ አድርጌ የሰጠኋት እኔ ነኝ፤ ስትቸገር ለማስተካከል እንዲቀለኝ፣ ለእኔ ስል። ያ ክፉ ፋይል ሲመጣ ስልኩ ቢያንስ ሁለት ጊዜ ጠይቋታል፤ ይህን ፕሮግራም ልጫነው ወይ፣ አጭር መልእክቶችሽን እንዲያነብ ትፈቅጂለታለሽ ወይ ብሎ። የጠየቃት በማታነበው ቋንቋ ነበር። የሚል ሰው ድልድዩ ዳር ቆሞ ጮኾላታል፣ እሷ ግን የሰማችው ጫጫታ ብቻ ነው። አራት ኪሎ ያሉት ጓደኞቼም ሆኑ እኔ ስለ ግቢና ስለ ገበያ ስንራቀቅ፣ ማስጠንቀቂያው ለማን በምን ቋንቋ እንደተጻፈ አንድ ቀን አላነሣንም።

ስልኩን በአማርኛ አድርጌ ሰጠኋት። መነጽሯን አድርጋ ገጾቹን አንድ በአንድ ጮክ ብላ አነበበች፤ አንዳንዱ ትርጉም አሳቃት። ልክ እንዳገኘሁ ሰው፣ “ይኸው፣ ያን ጊዜ በአማርኛ ቢጠይቅሽ ኖሮ አትከፍቺውም ነበር” አልኋት።

ትንሽ አሰበች። “እከፍተው ነበር” አለች፤ “በእሷ ስም ነው የመጣው። የሠርግ ጥሪ ልካልኝ አልከፍትም ልበል እንዴ?”

ካርዷን ከመሀረቧ ፈትታ ሰጠችኝና ቦታዋ እንድከታት ጠየቀችኝ።