ፓርኩን የምንጠብቀው ከማን ነው?



ከመካከላችሁ በክረምት ችግኝ ተክሎ የማያውቅ ጥቂት ነው። ሙስሊም ከተከለው ላይ ሰው፣ እንስሳ ወይም ወፍ ቢበላ ሰደቃ እንደሚሆንለት የሚነግረንን ሐዲስም ታውቁታላችሁ። ዛሬ የምጽፍላችሁ ግን ስለ መትከል ሳይሆን ስለ መጠበቅ ነው። መትከል ግማሽ ቀን ይፈጃል፣ ፎቶም አለው። መጠበቅ ዓመታት ይፈጃል፣ ነፍስያን የሚፈትነውም እሱ ነው።

እኛ ከእንጦጦ ግርጌ ያለች አንዲት ትንሽ የሰፈር ፓርክ እንንከባከባለን። አሥራ ምናምን ልጆች ነን፣ ሙስሊምም ክርስቲያንም። ቅዳሜ ጠዋት እንገናኛለን። በበጋ በጀሪካን ውኃ እናመላልሳለን፣ በክረምት አረም እንነቅላለን፣ የውኃ ፕላስቲክና የጫት ገረባ እንለቅማለን (ገረባውን ማን እንደሚጥለው አትጠይቁኝ)። ወይራ፣ ጽድ፣ ኮሶና ጥቁር እንጨት ተክለናል። ከላይ ያለው ተራራ ባህር ዛፍ ነው። ዝርያው ከአውስትራሊያ ሲሆን በአፄ ምኒልክ ዘመን የመጣው አዲስ አበባ ማገዶ ስላጠራት ነበር። ቅጠሉንና ጭራሮውን በጀርባቸው ተሸክመው ወደ ከተማ የሚያወርዱት ሴቶች ናቸው። ሸክሙ ከራሳቸው ክብደት ጋር የሚቀራረብበት ጊዜ አለ። ጎንበስ ብለው በአስፋልቱ ጠርዝ ሲያልፉ አይታችኋቸዋል።

አንድ ቅዳሜ ሁለት ነገር ሆነ። ጠዋት አንዲት እናት በአጥሩ ክፍተት ገብተው ጭራሮ ሲለቅሙ አገኘኋቸው። አንገታቸው ላይ ማተብ አስረዋል። ከደረቁ መካከል ሁለት ሦስት እርጥብ የወይራ ቅርንጫፍ ነበረበት፤ እኛ ያሳደግነው ወይራ! ደሜ ፈላ።

«እማማ፣ ይሄ የሕዝብ ነው፣ ክልክል ነው» አልኳቸው።

«እኔስ ሕዝብ አይደለሁም ልጄ?»

መልስ አልነበረኝም። መልስ ሲጠፋ ደግሞ ሰው ጉልበት ይቀናዋል። የያዙትን አስወረድኳቸው፣ ተመልሰው እንዳይመጡ ብዬ ገመዳቸውን ወሰድኩባቸው። ባዶ እጃቸውን ሄዱ።

ከዙህር በኋላ የሰርግ አጀብ ፎቶ ሊነሳ መጣ። ሦስት መኪና ሣሩ ላይ ወጣ። የአንዱ ጎማ ሁለት የኮሶ ችግኝ ጨፈለቀ። እኛ ምን አደረግን? አጨበጨብን። እንዲያውም አንዳችን «ና፣ ና፣ ትንሽ ወደ ኋላ» እያለ መኪናውን ያስቆም ነበር።

ያን ሌሊት ትዝ ያለኝ የዑመር (ረ.ዐ.) ታሪክ ነው። ከኢስላም በፊት ኃያላን የጎሳ አለቆች ጥሩውን ግጦሽ ለራሳቸው ከብት ይከልሉ ነበር። ረሱል (ሰ.ዐ.ወ.) ይህን አስቀሩት፤ ክልል፣ በዐረብኛው ሒማ፣ ለአላህና ለመልእክተኛው ካልሆነ በቀር እንደሌለ ተናገሩ። ከዚያ በኋላ የሚከለል መሬት ለጋራ ጥቅም ሆነ። እሳቸው አን-ነቂዕን ከለሉ፣ ዑመር በኸሊፋነታቸው አሽ-ሸረፍንና አር-ረበዛን።

ዑመር ለግጦሹ ሁነይ የተባለ ነፃ ያወጡትን ሰው ጠባቂ ሲያደርጉ የሰጡት መመሪያ ቡኻሪ ውስጥ ተዘግቧል። የተበዳይን ዱዓ ፍራ አሉት። ጥቂት ግመልና ጥቂት በግ ያለውን አስገባ፤ የኢብን ዐውፍንና የኢብን ዐፋንን ከብት ግን አደራህን። ልብ በሉ፣ እነዚህ ሁለቱ ጀነት ከተበሰሩት አሥሩ ውስጥ ናቸው። ዑመር ስለ ኢማናቸው እየተናገሩ አልነበረም። የእነሱ ከብት ቢያልቅ ወደ ተምራቸውና ወደ እርሻቸው ይመለሳሉ፤ የድሃው ቢያልቅ ግን ልጆቹን ይዞ ደጄ ላይ ይጮሃል ነው ያሉት። ከዚያም የመሬቱ ሰዎች በድሎናል ብለው እንደሚያስቡ ራሳቸው አመኑ። ለጂሃድ የሚጫኑት እንስሳት ባይኖሩ አንድ ስንዝር እንኳ አልከልልባቸውም ነበር ብለው ማሉ።

እኔ ግን የተገላቢጦሽ ሁነይ ሆንኩ። የኢብን ዐውፍን ከብት አስገብቼ የድሃዋን አባረርኩ።

«ሕጉ ለሁሉም እኩል ነው» እንላለን። እኩል የሆነ ክልከላ ግን እኩል አይከብድም። ሙሽሮቹን መኪና ውጭ አቁሙ ብንላቸው የሚያጡት ሃምሳ እርምጃ ነው። እኚያ እናት ያጡት የዕለት እራታቸውን ነው። ይህን ልዩነት ሳያይ የሚጠብቅ ሰው ፓርኩን ከደካማው እየጠበቀ ለጉልበተኛው ያስረክባል፤ የሚገርመው፣ እያገለገልኩ ነው ብሎ ያስባል። አጅር ያገኘ እየመሰለው የሰው ሐቅ ይሸከማል።

አንድ ጓደኛዬ ይህን ስነግረው «አንዷን ካስገባን ነገ አሥር ይመጣሉ፤ ችግኝ ደግሞ የቆረጠው ድሃ ይሁን ሀብታም አይለይም» አለኝ። አልተሳሳተም። ዑመርም ክልሉን አላፈረሱትም። ተከራከርን፣ ሁለት ቅዳሜ ፈጀብን። በመጨረሻ የወደቀ ቅጠልና ደረቅ ጭራሮ ለተሸካሚ እናቶች እንዲፈቀድ፣ እርጥብ ቅርንጫፍ ግን በማንም እንዳይነካ ተስማማን። መግቢያው ላይ መኪና የማያሳልፍ ትልልቅ ድንጋይ አንከባለልን። ድንጋዩ ቀላል ነበር፤ የከበደን ለመጀመሪያው አጀብ «እዚህ ጋ ይበቃል» ማለት ነው። ሚዜው ሰደበን።

ደግሞ አንድ ነገር። እኚያ እናት ክርስቲያን ናቸው ብሎ ቀለል ያለው ካለ፣ ሙዓዝ (ረ.ዐ.) ወደ የመን ሲላክ የሰማውን ያስታውስ። በእሱና በአላህ መካከል ግርዶ የለምና የተበዳይን ዱዓ ተጠንቀቅ የተባለው፣ ወደ መጽሐፉ ባለቤቶች እየሄድክ ነው በተባለበት በዚያው ምክር ላይ ነው።

ጥፋቴን አላህ እንዲምረኝ ለምኛለሁ። የሰው ሐቅ ግን ለባለቤቱ ሳይመለስ በተውበት ብቻ እንደማይወርድ ከልጅነታችን ተምረናል። ገመዱ እስካሁን የመሣሪያ ቤታችን ምስማር ላይ ተሰቅሏል። ቅዳሜ ቅዳሜ የሚወርዱትን እናቶች እየጠየቅኩ ነው፤ ግን ያን ቀን ስማቸውን እንኳ አልጠየቅኳቸውም ነበር። በዚያ መንገድ የምትመላለሱ ካላችሁ፣ ደልደል ያሉ፣ አጭር፣ ማጭዳቸው እጀታው በጨርቅ የተጠቀለለ እናት ካያችሁ፣ ቅዳሜ ጠዋት እዚያ እንዳለን ንገሯቸው።